ከጡት ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና የወጣ ሥጋ ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚደረግ ምርመራ) ሲላክ

ጥያቄ (የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ ለገጣፎ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከጡት ማሳነሻ የወጣ ሥጋ አለን፤ ግራው 620፣ ቀኙ 580 ግራም ነው። ላቦራቶሪው መሃል ከተማ ስለሆነ የሚሄደው በማግስቱ ነው። በአንድ ባልዲ ይቻላል? ሥጋው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊንስ ስንት ይሁን?

መልስ 1፦ በአንድ ባልዲማ በፍጹም! ካንሰር ቢገኝ የየትኛው ጡት እንደሆነ በምን ይለያል? «ግራ» «ቀኝ» የሚለውን ባልዲው ላይ ጻፊ፤ ክዳን ይቀያየራል። 10 በመቶ ፎርማሊን (1 እጅ ያልተበረዘ ከጠርሙሱ፣ 9 እጅ ውሃ) ከሥጋው 10 እጥፍ፣ ለግራው 6 ሊትር ገደማ። ስብ ውስጥ ፎርማሊን ቶሎ አይገባም፤ ሳይሰነጠቅ ካደረ መሃሉ ይበላሻል። ቆዳውን ሳትነኪ ከጀርባው በየ1 ሳንቲ ሜትር ሰንጥቀሽ ጎዝ አስገቢበት።

መልስ 2 (ፓቶሎጂ)፦ ከመሰንጠቁ በፊት ቀዶ ሐኪሙ ክር ይሰርበት፤ አጭሩ ወደ ላይ፣ ረጅሙ ወደ ውጭኛው ጎን (ብብት በኩል)። የተቆራረጠ ሥጋ ያለ ምልክት ሲመጣ ካንሰሩ ቢታይ እንኳ የሥጋው ጠርዝ ከካንሰር ነጻ መሆኑን ማወቅ አይቻልም። ከሰውነት የወጣበትና ፎርማሊን የገባበት ሰዓት ይጻፍ፤ ልዩነቱ ከ1 ሰዓት አይብለጥ። ፎርማሊን ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት። ያለዚያ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራው (ካንሰሩ በሆርሞን መድኃኒት ይታከም እንደሆነ የሚለየው) በሐሰት ኔጋቲቭ ሊወጣ ይችላል፣ ታካሚዋም የሚጠቅማትን መድኃኒት ታጣለች።

ጠያቂዋ፦ ውጤቱ «ኤቲፒካል ሃይፐርፕላዚያ» ቢልስ?

መልስ 2፦ ያልተለመደ መልክ ያላቸው ሴሎች በዝተዋል ማለት ነው እንጂ ካንሰር አይደለም። ወደፊት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏን ግን ወደ 4 እጥፍ ያደርሰዋል፤ «ደህና ነሽ» ተብላ ያለ ቀጠሮ አትሸኝ።