ሮም ላይ ከአባቴ ጋር አንድ ቀን አለን፤ በእግር ከየት እንጀምር?

የመምህሩ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። በመስከረም ከአባቴ ጋር እህቴን ለመጠየቅ ወደ ስቶክሆልም ስንሄድ ሮም ላይ አንድ ሙሉ ቀን እንቆያለን። ማረፊያችን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ደሴ ውስጥ 34 ዓመት ታሪክ አስተምረዋል። የአስጎብኚ አውቶቡስ ነገር ሳነሳባቸው «ከተማ በመስኮት አይታይም» አሉኝ። ጉልበታቸው ደህና ነው፤ ዳገት ላይ ብቻ አረፍ ይላሉ። መንገዱን የምታውቁ ብትመሩኝ።

የሐሙስ እግረኛ
እህቴ፣ አባትሽ እውነታቸውን ነው። ሮም ስኖር 19 ዓመቴ ነው፤ የምተዳደረው አዛውንት በመንከባከብ ሲሆን ዕረፍቴ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ቀን ስዞር እውላለሁ። ለታሪክ መምህር ከሆነ ከኮሎሲየም አልጀምርም፤ ከጣቢያው በር ነው የምጀምረው።

ከተርሚኒ እንደወጣችሁ የምታገኙት አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኳቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። ሻንጣውን እየጎተተ የሚያልፈው ሕዝብ ይህን ልብ አይለውም። ጥቂት ደቂቃ ራመድ ስትሉ ከዛፎች መካከል ከግብፅ የመጣ ሐውልት ታያላችሁ፤ መቀመጫው ላይ የሟቾቹ ስም ተቀርጿል። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠው እዚህ ነበር። ዘርዓይ ደረስም እ.ኤ.አ. በ1938 ጎራዴውን የመዘዘው እዚሁ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ በኩራት ነበር የቀረብኩት፤ ስሞቹን ማንበብ ስጀምር ግን እነዚህም እናት ነበረቻቸው ብዬ ዝም አልኩ። ሁለቱም ስሜት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ከዚያ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ኮሎሲየም ውረዱ። ለመግባት አትሰለፉ፤ አንድ ቀን ላለው ሰው ዙሪያውን ማየት ይበቃል። ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ተነስታችሁ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮን ያዙ፤ ድል አድርገው የተመለሱ የሮም ጦር አለቆች በሰልፍ ያልፉበት የነበረ መንገድ ነው። ዳገት የለውም፤ ለአባትሽ ይመቻል። መጨረሻው ፖርታ ካፔና ነው፤ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመበት ቦታ። እ.ኤ.አ. በ2003 ተነቀለ፣ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ። ከፊት ለፊቱ ያለው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ሥራው ሲጀመር የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር እንዲሆን ታስቦ ነበር።

ጫማ ላይ አትሳሳቱ። የሮም ኮብልስቶን ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ናዞኒ የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች ሌት ተቀን ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ ያፈሳሉ። አፉን በጣትሽ ስትደፍኚው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ውኃው ሽቅብ ይፈናጠራል፤ አባትሽ ሳይጎነበሱ ይጠጣሉ።

ግንበኛው አባቴ
እህታችን ያመለከተችው መንገድ ጥሩ ነው። እኔ ግን አባትን ይዞ ቀኑን በጦርነት መታሰቢያ መጀመር ይከብደኛል። አባቴን ሮም ያመጣኋቸው ጊዜ መጀመሪያ የወሰድኳቸው ፓንቴዎን የሚባለው ጥንታዊ የሮም ቤተ መቅደስ ነው። ዝናብ ይጥል ነበር። በጉልላቱ ክፍት ዓይን የገባው ዝናብ መሐል ወለሉ ላይ ወርዶ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ሲሰርግ ቆመው አዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩና ወደ ላይ አንጋጠው «ብረቱ የት አለ?» አሉኝ። የለውም። 43 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላት፣ ያለ አንድ ዘንግ ብረት፣ 1,900 ዓመት ገደማ ቆሟል። ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። መግቢያው 5 ዩሮ ነበር። ሲወጡ ማኪያቶ ጋብዣቸው፤ እንደ አገራችን ወተቱ የበዛ አይደለም፣ ቡናው ላይ ጠብ የምትል ብቻ ናት። ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል።

የሐሙስ እግረኛ
ወንድሜ፣ ያልከው ገብቶኛል። ቢሆንም 34 ዓመት ዶጋሊን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው በዚያ አደባባይ ሳያውቁት ቢያልፉ የበለጠ ይቆጨኛል። ከፖርታ ካፔና ፓንቴዎን በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይድረሱበት።

የመምህሩ ልጅ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአባቴ አነበብኩላቸው። የአደባባዩን ስም ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ ቆዩና «ከዚያው እንጀምራለን» አሉ። አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብለውኛል፦ የአክሱም ሐውልት የተነቀለበት ቦታ ላይ አሁን ምን አለ?

የሐሙስ እግረኛ
ሣርና የመኪና መንገድ። ጠርዙ ላይ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 አሜሪካ ውስጥ ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው። ስለ አክሱም አባትሽ ራሳቸው ይነግሩሻል። ቀናችሁ ሐሙስ ከሆነ ጻፊልኝ፤ ከሰዓት በኋላ እዚያው እጠብቃችኋለሁ።