የአክስቴ የዩኒቨርሲቲ አልበም ውኃ ገባበት፤ ገጾቹ ተጣብቀው ሳይበላሹ ምን ላድርግ?

የሽሮ ሜዳዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሌሊት በጣለው ዝናብ ጣሪያው አፍስሶ አክስቴ በተማሪነታቸው ዘመን ያዘጋጁት ትልቅ አልበም ርሷል። በጥቁር ወረቀቶቹ ላይ ፎቶግራፎች፣ የጋዜጣ ቁራጮች፣ የግጥም ምሽት መጥሪያዎችና የምግብ አዳራሽ ካርድ ተለጥፈውበታል። የመካከሉ ገጾች እርስ በርስ መያያዝ ጀምረዋል፤ በብዕር የተጻፈውም ቀለሙ እየፈሰሰ ነው። ፎቶግራፎቹን ነቅዬ ማውጣትና የቀረውን ወረቀት መጣል አስቤያለሁ። ፀሐይ ላይ ላስጣቸው ወይስ በፀጉር ማድረቂያ ላድርቃቸው? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

ሰነድ ጠባቂ፦
እህቴ፣ ሁለቱንም አያድርጉ። የፎቶግራፉ ገጽ ጄላቲን የሚባል ሙጫ መሰል ነገር ስለሆነ ሲርስ ያብጣል፤ በድንገት ሲሞቅ ደግሞ ይጨማደዳል፣ ከተነካውም ነገር ጋር እስከ መጨረሻው ይጣበቃል። በመጀመሪያ ሳይነቅሉ እያንዳንዱን የሚገለጥ ገጽ እንዳለ በስልክዎ ያንሡት። ከዚያም የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት በገጾቹ መካከል እያስገቡ ጥላ ባለበት፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ዘርግተው ያስቀምጡት። የተያያዙትን ገጾች በኃይል አይለያዩአቸው፤ ቀለሙ የሚፈሰውንም ገጽ ውኃ አያስነኩት፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጫን እያሉ ብቻ ያድርቁት። በ2 ቀን ውስጥ ሥራው የማይጠናቀቅ ከሆነ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ጠፍጣፋ አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት፤ በኋላ ጥቂት ጥቂቱን እያወጡ ማድረቅ ይቻላል።

ደረጀ ነኝ፦
ስልኬ ውኃ ውስጥ ወድቆ ሩዝ ውስጥ ቀብሬው ድኗል። አልበሙንም ሩዝ ውስጥ ይቅበሩት።

ሰነድ ጠባቂ፦
ወንድሜ፣ የሩዙ ብናኝ ባበጠው ጄላቲን ላይ ይለጠፋል። ለፎቶግራፍ አይሆንም።

የድሮ ምሩቅ፦
ጠያቂዋ ዩኒቨርሲቲው የትኛው እንደሆነ አልነገሩንም፤ ምክንያቱም «ዩኒቨርሲቲ» ሲባል ሁሉም ሰው ስድስት ኪሎን ያስባል። ሆኖም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አራት ኪሎ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሉሲየን ማት ነበሩ። ስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት የተሰጠው ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ነው፤ በዚያ ሙከራ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት በጥይት የተገደሉት በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954 ነው። ስለዚህ በካርዱ ላይ «ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ» ተብሎ ከታተመ አክስትዎ ቀደም ያሉ ተማሪ ናቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ስም ካለበት ግን ዘመኑ ከ1954 በኋላ ይሆናል።

ብራና፦
እኔ የምቃወመው ከጥያቄው ውስጥ «የቀረውን ወረቀት መጣል» የሚለውን ነው። ፎቶግራፉን ብቻ ካስቀሩ የሚኖርዎት ማንነታቸው የማይታወቅ ወጣቶች ምስል ነው። የግቢውን ሕይወት የሚናገሩት መጥሪያው፣ የምግብ አዳራሹ ካርድና በኅዳጉ ላይ የተጻፈው ቃል ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አክስትዎ የትኛውን ከየትኛው አጠገብ እንደለጠፉ የሚያሳየው ቅደም ተከተል ነው። የተማሪዎችን ታሪክ ከአስተዳደሩ መዝገብ ብቻ የምናነብ ከሆነ የምናገኘው አስተዳደሩ ያየውን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድም ቁራጭ አይጣል፤ የወደቀ ካለም የወደቀበትን ገጽ ቁጥር በእርሳስ ጽፈው በፖስታ ያስቀምጡት።

የሽሮ ሜዳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከፀሐይ አንሥቼዋለሁ። ካርዱ ላይ የንጉሡ ስም አለ። በአንድ ፎቶግራፍ አክስቴ አናቱ ላይ አንበሳ ባለበት ደረጃ ሥር ቆመዋል፤ ከጀርባው በእርሳስ «62» ተብሏል። በሚቀጥለው ገጽ በቆርቆሮ ክዳን ትምህርት ቤት በር ላይ ከሕፃናት ጋር ይታያሉ። ዘመኑን ለመለየት ይረዳል?

የድሮ ምሩቅ፦
ደረጃው ስድስት ኪሎ መሆኑን ያረጋግጣል። ጣሊያኖች እያንዳንዱን እርከን ለፋሽስት አገዛዝ አንድ ዓመት መታሰቢያ አድርገው ሠሩት፤ በኋላ የይሁዳ አንበሳ ከአናቱ ተቀመጠበት። ደረጃው ፊት ለፊት ያለው ቤተ መንግሥት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኝበት ነው። የ«62» ትርጉም ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይወሰናል፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው በተከፈተ ሰሞን፣ በእኛ ከሆነ የተማሪዎች መሪ የነበረው ጥላሁን ግዛው በተገደለበት ዓመት ነው።

ብራና፦
በእኛ አቆጣጠር ይመስለኛል፤ ምክንያቱ ደግሞ የቆርቆሮ ክዳኑ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሄደው፣ አብዛኛዎቹም በመምህርነት፣ የሚያገለግሉበት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ያ ገጽ የአገልግሎታቸው ከሆነ የፈረንጆቹ 62 አይስማማም። ሁለቱን ገጾች ለያይተው ፎቶግራፎቹን ነቅለው ቢሆን ኖሮ ይህን ለማወቅ አንችልም ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ከአክስትዎ ኋላ የግቢው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ይታይ እንደሆነም ይመልከቱ፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት በኅዳር 1956 ስለሆነ፣ ለእርሳቸው መታሰቢያ የተሠራው ሕንፃ ከታየ ጥያቄው ያበቃል።

እናት ዓለም፦
ይህን ሁሉ ከምትከራከሩ የአልበሙን ባለቤት ራሳቸውን ለምን አትጠይቁም? አክስትሽ በሕይወት አሉ ወይ፣ ልጄ?

የሽሮ ሜዳዋ፦
አዎ፣ አሉ፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። አልበሙ መርሱን እስካሁን አልነገርኳቸውም፤ ይደነግጣሉ ብዬ ነው።

እናት ዓለም፦
ንገሪያቸው። ከደረቀ በኋላ ሳይሆን ዛሬውኑ፣ በስልክ ያነሣሽውን እያሳየሽ፣ ማን ማን እንደሆነ በድምፅ ቅጂያቸው። ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ ስሞቹን የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው።

ፍቅሩ ዘጉለሌ፦
ፍሪዘር ውስጥ ይክተቱት።

ሰነድ ጠባቂ፦
ይህ ከላይ ተነግሯል፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር ፍሪዘሩ በመካከሉ ከቀለጠ ገጾቹ እንደገና ይርሳሉና፣ መብራቱ አስተማማኝ የሆነ ጎረቤት ወይም ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡት። የተያያዙት የመካከል ገጾች ስንት ናቸው? ፎቶግራፎቹስ ፊት ለፊት ነው የተያያዙት ወይስ ከወረቀቱ ጋር? ሁለቱ የሚለያዩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ መልስዎን እጠብቃለሁ።