እናታችንን አማልፊ በጀልባ ልናዞር ነበር፤ ኮንትራቱ ላይ ቆመናል

ሰላም ለሁላችሁ። አራት እህትማማቾች ነን፤ የምንኖረው ሮም ነው። እናታችን ዘንድሮ 70 ዓመት ይሞላታል። ከአዲስ አበባ አስመጥተን የአማልፊን ባሕር ዳርቻ በቅንጦት ጀልባ ልናሳያት ሁለት ዓመት ሙሉ እቁብ ጣልን። ከኔፕልስ ተነስተን ፕሮቺዳን፣ ካፕሪን፣ ፖዚታኖንና አማልፊን አይተን እንመለሳለን ብለን ነው። ቅዳሜ ተሳፍረን በሳምንቱ ቅዳሜ እንወርዳለን።

ኮንትራቱ ሲመጣ ግን ደነገጥን። የተነገረን 20,000 ዩሮ ለጀልባውና ለሠራተኞቹ ብቻ ነው። 22 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ለነዳጅ፣ ለምግብና ለወደብ ደግሞ 30 በመቶ አስቀድማችሁ ክፈሉ ይላል። ስንደምረው 30,400 ዩሮ! ከቅድሚያ ክፍያው የተረፈው ይመለሳል ይላሉ። ከእናንተ በእርግጥ የተመለሰለት አለ? ካፒቴኑን በየቀኑ ደረሰኝ መጠየቅስ ነውር ነው?

ከገንዘቡ በላይ የሚያስጨንቀኝ የእማዬ ጉልበት ነው። ፖዚታኖ ትልቅ ጀልባ የሚጠጋበት ወደብ የለውም። ጀልባው ራቅ ብሎ ይቆምና ሰው በትንሽ ጀልባ ይሻገራል። እማዬ ከታክሲ ስትወርድ እንኳ በሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀኝ እግሯን አስቀድማ፣ «በስመ አብ» ብላ ነው። ካታማራን (ሁለት ጠባብ ጀልባዎች ጎን ለጎን የተገጠሙ የሚመስለው ዓይነት) ሰፊ ስለሆነ ብዙ አያንገላታም ተባልን። ትልቅ ሰው ይዛችሁ የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሳምንቱ ደግሞ ፍልሰታ ላይ ዋለ። እማዬ ፆሟን አትፈታም፤ እኛም አናስፈታትም። የጀልባው ምግብ አብሳይ የፆም ይሠራልን ይሆን? ወይስ ወደ መስከረም እናዛውረው? ባሕሩ ያኔም ሞቃት ነው፤ ግርግሩም ይቀንሳል። እስከ ዓርብ ፈርሙ ተብለናልና ቶሎ መልሱልኝ።