ጥያቄ፦ አዲስ ነርሶችን ህመም ማስታገስ እንዴት እናለማምድ?

ጠያቂ (ምሥራቅ ጎጃም)፦ ሰላም ባልደረቦቼ። የቀዶ ሕክምና ዋርድ ኃላፊ ነርስ ነኝ። አራት አዲስ ተመራቂዎች ተመድበውልኛል። ጎበዞች ናቸው፤ የህመም መድኃኒት ላይ ግን እጃቸው ይያዛል። ከትናንት ወዲያ ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑ አንድ አባት «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ተመስገን» አሉ። ልጅቷም ቻርቱ ላይ «ህመም የለም» ብላ ጻፈች። እኔ ስደርስ አንሶላውን ጨምድደው ይዘዋል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል። ግማሽ ቀን አዳራሽ ሰብስቤ በስላይድ አስተምሬያቸው ነበር። ምን ይሻላል?

መልስ (ደብረ ማርቆስ)፦ እህቴ፣ ልጅቷ ላይ አትፍረጂ። እኛ ጋ «ተመስገን» የሰላምታ መልስ ነው፤ የህመም አይደለም። ጥያቄውን ቀይሩት። «ሲያስሉ ያምዎታል? ሲገላበጡስ? ሌሊት እንቅልፍ ወሰደዎት?» በሉ። «ከአስር ስንት?» ማለት ብዙ አዛውንቶችን ግራ ያጋባል። እኔ በእጅ ነው የምጠይቀው፦ የተጨበጠ እጅ ህመም የለም፣ አምስት ጣት የመጨረሻው ህመም። አንዲት እናት ሦስት ጣት ዘርግተው፣ ትንሽ አሰብ አድርገው አራተኛውን ጨመሩ። «ተመስገን» ብለውኝ ነበር እኮ!

መልስ (ሞጣ)፦ ስላይዱን ተዪውና አልጋ ዳር ውሰጃቸው። ጠዋት ተረኛ ሲረካከብ አንድ ታካሚ ምረጡ፤ አስር ደቂቃ ይበቃል። አዲሷ ትጠይቅ፣ አንቺ ስሚ። ሁሌ የሚረሳው ግን ከሰጡ በኋላ ተመልሶ መጠየቅ ነው። በደም ሥር ከሆነ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በአፍ ከሆነ በ1 ሰዓት ገደማ።

መልስ (ቡሬ፣ አንስቴዥያ)፦ እጃቸውን የያዘው የሞርፊን ፍርሃት ነው። ለከባድ ህመም በታዘዘው ልክ ለጥቂት ቀን ሲሰጥ ሱስ የማስያዝ ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን ንገሪያቸው። ትንፋሽ ማዳከሙ ግን እውነት ነው፤ አትደብቂያቸው። ከመስጠታቸው በፊትም በኋላም ትንፋሽ ይቁጠሩ፣ ንቃቱን ይዩ። ብዙ ጊዜ ትንፋሹ ከመድከሙ በፊት ከባድ እንቅልፍ ይጫነዋል። ሞርፊን ትንፋሽ ሲያዳክም የሚቀለብሰው መድኃኒት፣ ናሎክሶን፣ የት እንዳለ በእጃቸው አንስተው ይዩት። ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ከቀላል የህመም መድኃኒት ተነስቶ ወደ ጠንካራው የሚወጣው የሦስት ደረጃ መሰላል መጀመሪያ የታሰበው ለካንሰር ህመም ነው። ትኩስ የኦፕራሲዮን ህመም የግድ ከታች አይጀመርም። ፓራሲታሞል በሰዓቱ አብሮ ከተሰጠ የሞርፊኑን መጠን ይቀንሳል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ዛሬ ጠዋት ያችው ልጅ አባትየውን በጣት ጠየቀቻቸው፤ አራት አነሱ። መድኃኒቱን ሰጥታ ተመልሳ ስትጠይቅ ሁለት። ናሎክሶኑንም ፈለግን። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ለሌሊት ተረኛ አስረክባለሁ።