የዘመመ የካምፒንግ ተሳቢ በክሪክ ይቃናል ወይ?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ሰላም ቤተሰብ። ያገለገለ የካምፒንግ ተሳቢ ገዝተናል፣ ባለ 24 ጫማ። ከልጆቹ ጋር ሸናንዶዋ ልንወጣበት ነው። ማቆሚያው አንዳንዱ ጠጠርና ተዳፋት ነው ይሉኛል። ተሳቢው አራቱም ማዕዘን ላይ ክሪክ አለው። እነሱን በደንብ ባጠብቃቸው አይቃናም? ወይስ ሌላ ክሪክ ልግዛ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
እንኳን ደስ ያላችሁ። ወንድሜ፣ በማዕዘኖቹ ክሪክ ተሳቢውን እንዳታነሳ። እነሱ ስቴቢላይዘር ናቸው። ሥራቸው ሰው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ቤቱ እንዳይወዛወዝ መደገፍ ብቻ ነው። 5,000 ፓውንድ የሚል የተጻፈባቸው አሉ፤ አይሸውዱህ። አንድ ማዕዘን ለብቻው ሲነሳ ሻንሲው ይጣመማል። ከዚያ በሩ አልዘጋ ይልሃል። ክብደቱን መሸከም ያለባቸው ጎማዎቹና የፊት ክሪኩ (ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ጫፍ ላይ ያለው፣ ከማዕዘኖቹ ሌላ) ናቸው።

ግራና ቀኙን በጎማ ነው የምታቃናው፣ ፊትና ኋላውን በፊት ክሪክ። ተሳቢው ከመኪናው ሳይፈታ ውስጡ ወለል ላይ ውሃ ልክ አስቀምጥ። በዘመመው ጎን ካሉት ጎማዎች ፊት ጣውላ ወይም ለዚሁ የተሠራ የፕላስቲክ ብሎክ አንጥፍና ቀስ ብለህ ነድተህ አውጣባቸው። በዚያ ጎን ሁለት ጎማ ካለ ሁለቱም ይውጡ። የጎማው ሙሉ ስፋት ብሎኩ ላይ ይረፍ፤ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ መቆም የለበትም።

ቀጥሎ ታኮ። በሁለቱም ጎን፣ ከጎማው ፊትም ኋላም። ታኮ ሳይገባ ከመኪናው እንዳትፈታው፤ እዚህ አገር ያሉት አብዛኞቹ ተሳቢዎች የእጅ ፍሬን የላቸውም። በኔ እምነት ገንዘብህን መጀመሪያ የምታወጣው ለውድ ክሪክ ሳይሆን ለጥሩ የጎማ ታኮ ነው።

ከፈታኸው በኋላ በፊት ክሪኩ ከፍ ዝቅ እያደረግክ አስተካክል። የማዕዘኖቹን መጨረሻ ላይ ታወርዳቸዋለህ፤ መሬት ነክተው ጠበቅ ሲሉ በቃ። በድሪል የሚያዞር ሰው አለ፣ ይፈጥናል፤ ግን የመጨረሻዋን በእጅ አድርጋት፣ ምን ያህል እንደከበደ የሚታወቅህ ያኔ ነው። ከእግራቸው ሥር ጣውላ አድርግ። በበጋ ሙቀት አስፋልትም ይለሰልሳል፣ ክሪክ ይሰምጥበታል። ስትነሳ ሁሉንም በተገላቢጦሽ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ፍሪጅህ በጋዝ የሚሠራ ነው? ከሆነ መዝመም ለእንቅልፍ ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው። ውስጡ ያለው አሞኒያ የሚዘዋወረው ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ክብደት እየወረደ ነው። ሲዘም ፈሳሹ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ማሞቂያው ከመጠን በላይ ይግላል፣ ፍሪጁም ይበላሻል። ባለ ኮምፕረሰሩ ይህን ያህል አያስቸግርም። (ጀበናም ዘሞ አይፈላም፣ እሱን ለሴቶቹ ብቻ አትተወው።)

ከባልቲሞር
ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን ከባድ መኪና ላይ የጨረስኩ ነኝ። ጎማ ለመቀየር ግን ክሪክ ያስፈልጋችኋል፣ የመኪናችሁ ክሪክ ለዚህ አይሆንም። ጠርሙስ የምትመስለውን የዘይት ክሪክ ግዙ። ተሳቢው ውጭ በግራ በኩል ፊት ለፊት አካባቢ ክብደቱ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። 7,000 ፓውንድ ቢል፣ በአንድ ጎን ግማሹ ወደ 3,500 ነው። የአሜሪካ ቶን 2,000 ፓውንድ ስለሆነ ባለ 2 ቶን ለጥቂት ነው የሚያልፈው። 4 ወይም 6 ቶን ውሰዱ። ክሪኩ ተዘግቶ ያለውን ቁመትም ለኩ። ጎማ ሲተነፍስ ሻንሲው ዝቅ ይላል፣ ክሪኩ ካልገባ ምን ዋጋ አለው?

ተሳቢው ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ ይሁን። የሌላውን ጎን ጎማ በታኮ ያዙ። ዳዶውን ጎማው መሬት ላይ ሳለ አላሉት። የምታነሱት ፋብሪካው መመሪያው ላይ ባሳየው ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሻንሲው ነው። አክስሉን በመሃል ብትገፉት ይጎብጣል፣ ከዚያ ጎማ በየጊዜው ይበላል። ክሪክ ብቻ የያዘው ተሳቢ ሥር ደግሞ እጅም ቢሆን አይገባም። ሃይዌይ ዳር በመኪናዎቹ በኩል ጎማ ቢፈነዳ አትሞክሩት፣ የመንገድ እርዳታ ጥሩ።

ከአሌክሳንድሪያ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ደግሞ ባለ ሞተሩን የካምፒንግ መኪና ሊከራይ ነው። ቁልፍ ሲጫኑት በዘይት ክሪክ ራሱ የሚቃናውን። እሱስ ጣጣ የለውም አይደል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ
አለው። በዚያኛው ላይ የተገጠሙት ክሪኮች ለማንሳት የተሠሩ ናቸው፣ ችግሩ እሱ ላይ አይደለም። ችግሩ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን መሆኑ ነው። ቦታው በጣም ተዳፋት ከሆነ ማሽኑ የኋላውን ከመሬት ያነሳዋል። ያኔ ያን ሁሉ ክብደት ከመንሸራተት የሚይዘው ፍሬን የለም፤ የክሪኮቹ እግር ብቻ ነው። ስለዚህ ከተቃና በኋላ ወርዶ የኋላ ጎማዎቹን ይይ። መሬት ካልነኩ ያውርደውና ሌላ ቦታ ይጠይቅ፣ ወይም መጀመሪያ የዘመመውን ጎን ብሎክ ላይ ያውጣው። የኋላውን የሚያወጣ ከሆነ ጥንድ ጎማዎቹ ሁለቱም ይውጡ።

ብሎክ ደግሞ ትርፍ አለኝ። ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉና መጥታችሁ ውሰዱ።