44 ግራፍ ወደ አንድ ዎርድ ፋይል በስታታ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር)

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። የማስተርስ ጥናቴን እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ እየሠራሁ ነው። ዘጠኝ ክልልና ሁለት የከተማ አስተዳደር፣ ለእያንዳንዳቸው አራት ግራፍ፤ በድምሩ 44። ትናንት አንድ በአንድ ኮፒ እያደረግኩ ዎርድ ላይ ስለጥፍ አመሸሁ። ዛሬ አማካሪዬ "የዕድሜ ክፍፍሉን ቀይሪው" አሉኝ። ሁሉም እንደ አዲስ ሊሠራ ነው! ያለኝ ስታታ 16 ነው። ራሱ የሚሰበስብበት መንገድ አለ?

መልስ፦
አይዞሽ እህቴ። ፑትዶክስ (putdocx) የሚባል የዎርድ ሰነድ የሚሠራ ትእዛዝ ከስታታ 15 ጀምሮ አለ፤ ምንም መጫን አያስፈልግሽም። ከሉፑ (ትእዛዞቹን ለእያንዳንዱ ክልል ከሚደጋግመው ክፍል) በፊት በፑትዶክስ ቢጊን ሰነዱን ክፈቺ። ሉፑ ውስጥ ግራፉን ሥሪ፣ በግራፍ ኤክስፖርት ፒኤንጂ (የምስል ፋይል) አድርጊው፣ ከዚያ ፑትዶክስ ፓራግራፍ፣ ቀጥሎ ፑትዶክስ ኢሜጅ። ፓራግራፉን ከዘለልሽ ምስሉ አይገባም፤ እኔ ግማሽ ቀን የፈጀሁት እዚህ ላይ ነው። ፑትዶክስ ሴቭ ከሉፑ ውጭ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ።

ሌላ መልስ፦
ኤክስፖርቱም ሴቩም ላይ ሪፕሌስ (የቀድሞውን ፋይል ተካ የሚለውን) ጨምሪበት። አለዚያ ሁለተኛ ስታስኬጂው "ፋይሉ አለ" ብሎ ይቆማል።

ጠያቂዋ፦
አፋር ላይ ስህተት አግኝቶ ቆመ። አስተካክዬ ብሞክርም ቢጊን እምቢ አለኝ።

መልስ፦
የቀድሞው ሰነድ ሜሞሪ ላይ ክፍት ስለቀረ ነው። ከቢጊን በላይ ካፕቸር ፑትዶክስ ክሊር ጻፊ፤ ክሊር ክፍት የቀረውን ሰነድ ያጠፋል፣ ካፕቸር ደግሞ ክፍት ሰነድ ባይኖርም በስህተት እንዳይቆም ያደርጋል።

ጠያቂዋ፦
ሠራ! 44ቱም በተራ ገብተዋል፣ የክልሉ ስም ከላይ አለ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ዛሬ ማታ እተኛለሁ።