ለስልክ ሲስተም ማን ይከፍላል?

የአቶቴ ልጅ፦ ትናንት እዚህ አንድ ሰው «የሐዋሳ ሰው ለስልክ ሲስተም አንድ ብር አይከፍልም» ብሎ ብዙ ላይክ ሰበሰበ። በጣም አናዶኛል። ወሬው የተነሳው በአንድሮይድ ቦታ ስልክ ላይ ስለሚጫነው ሲስተም፣ ስለ ሴይልፊሽ ነው፤ የፊንላንዱ ጆላ የሚሠራው፣ ከኖኪያ የወጡ ሰዎች የጀመሩት። ሶኒ ኤክስፔሪያ ስልክ ላይ የሚጫነው ሙሉ ፈቃድ 49.90 ዩሮ ሲሸጥ ኖሯል። እኔ እከፍላለሁ! ስልኬ ከገዛሁት ጀምሮ አፕዴት አላየም። ያላዘዝኩት አፕ ግን ሞልቶታል።

ሞቢል ጥገና፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ስፈታ እውላለሁ። ሰው የሚጠይቀኝ «ቴሌብር ይሠራል? ቴሌግራም ይገባል?» ብሎ ነው። የሲስተሙ ስም ማንንም አያሳስበውም።

የአቶቴ ልጅ፦ ሎጎ ላይ የቆመ ስልክ ሲመጣልህ ፍላሽ አድርገህ፣ ማለት ሲስተሙን እንደ አዲስ ጭነህ፣ ታስከፍል የለ? እሱ ለሲስተም መክፈል አይደለም?

ሞቢል ጥገና፦ አይደለም። ፋይሉን ከኔት በነፃ ነው የማወርደው። የሚከፈለኝ ለሥራዬ ነው። ደንበኛው ስልኩ እንደነበረ እንዲመለስለት እንጂ ሌላ እንዲሆንለት አይፈልግም።

ታቦር ሥር፦ ልክ ነው። የማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ ፎን ነበረኝ፣ እወደው ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዋትስአፕ እንኳ ጥሎት ሄደ። ኡቡንቱ ተች የሚባለውንም የስልክ ሲስተም ሠሪው ካኖኒካል በ2017 እ.ኤ.አ. ሲተወው በጎ ፈቃደኞች ናቸው ያነሱት። ማይክሮሶፍት ያልቻለውን ጆላ ይችለዋል?

የአቶቴ ልጅ፦ ዊንዶውስ ፎን የአንድሮይድ አፕ አያስነሳም ነበር። ሴይልፊሽ ያስነሳል። ነፃው የሙከራ ቅጂ ላይ ይሄ የለም፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

ሞቢል ጥገና፦ ማስነሳቱ ብቻ አይበቃም። የባንክ አፕ የስልኩ ሲስተም የተነካካ ከመሰለው አልከፈትም ሊል ይችላል። ያኔ ደንበኛው የሚጮኸው እኔ ላይ ነው።

የአቶቴ ልጅ፦ ቴሌብር ያለ አፕ በ*127# ይሠራል እኮ!

ሞቢል ጥገና፦ 49 ዩሮ ከፍሎ በኮድ የሚጠቀም ሰው አምጣልኝ።

ኮደሯ፦ ነፃ እያለ ለምን ይከፈላል? ከአንድሮይድ የተሠሩ ሌሎች ሲስተሞች አሉ፦ ሊኒኤጅ ነፃ ነው። ግራፊንም ነፃ ነው።

የአቶቴ ልጅ፦ ግራፊን የጉግል ስልክ፣ ፒክስል ላይ ብቻ ነው የሚጫነው። እዚህ አብዛኛው ሰው የያዘው ቴክኖና ሳምሰንግ ነው። ደግሞ በነፃ የሚሠራ ሰው ሲደክመው ይተወዋል። የሚከፈለው ይቆያል።

ኮደሯ፦ የሚከፈለው ይቆያል? ጆላ በ2014 እ.ኤ.አ. ለታብሌት ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስቦ ለሁሉም ማድረስ አቃተው። ገንዘብ የከፈሉት ሰዎች ምን ይበሉ?

የአቶቴ ልጅ፦ ታብሌቱና ሲስተሙ አይገናኙም። ሲስተሙ እስካሁን አለ።

ኮደሯ፦ የሸጠው ያው ድርጅት ነው። አይገናኙም አትበለኝ።

ሐይቅ ዳር፦ ዋናውን ዘላችሁታል። ያ ፈቃድ ሲሸጥ የኖረው ለአውሮፓ አገሮች ተወስኖ ነው። ቢፈቀድስ ዩሮ የሚከፍል ካርድ ስንቶቻችን አለን? ሱቁ ሳይከፈትልን «አይከፍልም» ተብሎ ይፈረድብናል? በብርና በቴሌብር ይሽጡትና ያኔ እንየው።

ሞቢል ጥገና፦ በብርም ቢሆን አይገዛም። መጀመሪያ ኤክስፔሪያው ከየት ይመጣል?

ታቦር ሥር፦ አዲስ አበባ ይገኛል፣ ያገለገለ።

ሞቢል ጥገና፦ ስክሪኑ ሲሰበርስ? ለቴክኖ በአንድ ሰዓት እቀይራለሁ። ለኤክስፔሪያ ስክሪን የት ብዬ ልፈልግ?

የአቶቴ ልጅ፦ ስለ ሲስተም ነው የምናወራው፣ ስክሪን ምን አመጣው?

ሞቢል ጥገና፦ ለደንበኛ ሁለቱም አንድ ስልክ ነው።